አራት ቁጥር ጠረጴዛ

አሥራ አንዱ አንሶላ ተመልሶ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሰው ከሄደበት ሲመለስ «እንኳን ደህና መጣህ» ይባላል። አንሶላ ሲመለስ ግን «ማን ነው ያሳለፈው?» ነው የሚባለው።

የፈረቃ አለቃው ጥቅሉን ከነላስቲኩ ተሸክሞ መጥቶ አራት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ዘፍ ሲያደርገው፣ በፍተሻ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። አለቃውን ሠራተኛው በሌለበት «ደወል» ይለዋል። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካልተናገረው የተናገረው አይመስለውም።

«ዘይት!» አለ ደወል። «ነጭ አንሶላ ላይ የማሽን ዘይት! ሆቴሉ መለሰብን እኮ፣ ዘይት!»

ከጠረጴዛው በወዲህ በኩል የቆመችው ሴት ሁለት መዳፎቿን ከጨርቁ ላይ አነሳች። «ዳኛዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ እየዳሰሰች ትሄድና፣ ድንገት ቀጥ ብላ «እዚህ ጋ ማግ ዘሏል» ትላለች። ሄደው ሲያዩት ዘሏል። ይግባኝ የለም። ከዚያ ከጠርዙ ላይ አንዲት ክር መዝዛ ትቋጥርበታለች፤ የእሷ ምልክት ቋጠሮ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም።

ፋብሪካው እሷን ሲቀጥር በክፍሉ በር ላይ «ማየት የተሳናቸውን ሠራተኞች በደስታ እንቀበላለን» የሚል ሰፊ ማስታወቂያ ለጥፏል። ማስታወቂያው መኖሩን እሷ የሰማችው በሁለተኛው ወር ነው። የሚያነብላት አልተገኘም ነበር። ሠራተኛው ግን ተቀብሏታል፤ በራሱ መንገድ። አንድ የማሽን ጠጋኝ ሁለት እስክሪብቶ ይዞ መጥቶ «ቀለም በማሽተት ትለያለች ይላሉ፤ እስቲ ንገሪኝ» አላት።

«የግራውን እንጃ፤ በቀኝ እጅህ ያለውን ግን ተውሰህ አልመለስከውም» አለችው።

በነሲብ ነበር የተናገረችው። እውነት ሆኖ ተገኘና ሰውየው ከዚያ ወዲህ ስታልፍ ግድግዳ ይታከካል።

ከጠረጴዛው በወዲያ በኩል የምትቆመው እታለም ናት። እናቷም እንዲህ ብላ ትጥራት አትጥራት የሚያውቅ የለም፤ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ግን፣ በዕድሜ የሚበልጣትም ጭምር፣ እታለም ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ፈትሻለች። «እታለም ያላየችው እንከን ገና አልተሠራም» ይባልላታል። ዳኛዋ ስትቀጠር ከፈታሾቹ አንዳቸውም አብረዋት ሊቆሙ አልፈለጉም። አንዷ «እኔ ሆዴ አይችልም፣ ባየኋት ቁጥር ሳለቅስ ነው የምውለው» አለች። ሌላዋን እዚያው በዚያው ወገቧን አመማት። እታለም ብቻ «ከእኔ ጋር ትሁን» አለች። አገር አመሰገናት።

ሥራውም ተከፈለ። በእጅ የሚገኘው እንከን፣ የዘለለ ማግ፣ የተበጠሰ ድር፣ ያበጠ ክር፣ የዳኛዋ ሆነ። በዓይን የሚገኘው፣ እድፍና ዘይት፣ የእታለም ሆነ። እታለም እድፍ ስታይ ቀይ ወረቀት ትለጥፍበታለች። ቋጠሮና ቀይ ወረቀት፤ ከዚህ የቀለለ የሥራ ክፍፍል አይገኝም።

ደወል አሁን ላስቲኩን ቀደደ። «እዩት! ይቺ ሳንቲም የምታክል፣ ይቺ ደግሞ ሁለት ሳንቲም የምታክል! ቀይ ወረቀት አለ? የለም። ቀይ ወረቀት የለም!»

ዓይኑን ማን ላይ እንዳሳረፈ ዳኛዋ አላየችም፤ ነገር ግን ድምፁ ወደ እሷ የዞረ ነበር። ወደ እታለም አልዞረም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ» አላት። «ዘጠኝ ሰዓት። ሁለታችሁም። ዘጠኝ።»

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ሦስት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን።

ዳኛዋ እስከዚያ ሥራ ቀጠለች። እጇ ግን አልታዘዝ አለ። አንድ አንሶላ ሁለት ጊዜ ዳሰሰች። በጭንቅላቷ ውስጥ የምትመላለሰው ቁልፏ ነበረች። ከወንድሟ ቤት ወጥታ አንዲት ክፍል ከተከራየች ሁለት ወሯ ነው። አራት እርምጃ በአምስት እርምጃ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ምድጃ፣ የበሩ ቁልፍ አንገቷ ላይ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ያልተደረገላት ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ተደርጎላታል። ድስት ልታነሳ ስትል «ተቀመጪ»፣ ልብስ ልታጥብ ስትል «አንቺ ተቀመጪ»፣ በር ሲንኳኳ «ኧረ ተቀመጪ»። ስሟን ረስተውት ይሁን ብላ የጠረጠረችበት ጊዜ ነበር። ወንድሟ አሁን እሁድ እሁድ ይጠይቃታል፤ ሲወጣ ሁልጊዜ ያችኑ ይላታል፦ «አልጋሽ እንዳለ ነው። ሥራው እንቢ ካለሽ አልጋሽ እንዳለ ነው።» እሱ ምሕረት መስሎት ነው። እሷ የምትሰማው የወህኒ ጠባቂ «ክፍልህን ጠርገን አስቀምጠንልሃል» ሲል ነው።

እና ዘይቱን ማን እንዳሳለፈው ታውቃለች። እንዴት እንደሚያልፍ ካወቀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

ያን ቀን እንደ ወትሮው መዳፏን በአንሶላው መሃል ስታሳልፍ፣ ጣቷ ከሌላ ጣት ጋር ተጋጨ። የእታለም ጣት ነበር። የሚያይ ፈታሽ እጅ መሃል ጨርቅ ላይ ምን ሥራ አለው? እታለም «ይቅርታ ልጄ» ብላ እጇን ሰበሰበች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ያው ሆነ። ከዚያ ዳኛዋ ጆሮዋን ጣል ማድረግ ጀመረች። እታለም ሃያ ስድስት ዓመት በተመላለሰችበት መተላለፊያ በርጩማ ገጭታ ስታልፍ ሰማች። «ዛሬ መብራቱን ቀነሱት እንዴ?» ስትል ሰማች፤ ማንም «አዎ» ሲላት ግን አልሰማችም። እናም ፈረደች፦ ይቺ ሴትዮ አታይም። እንደ እኔው ናት። ደብቃ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው አለች። እንጀራዋን የሰጠቻት እሷ ናት፤ «ከእኔ ጋር ትሁን» ያለች አንዲት ሰው እሷ ናት።

በምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ባዶ ሲሆን፣ ዳኛዋ የእታለምን ኮቴ ተከትላ ገባችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«እታለም።»

«ወይ ልጄ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ታያለሽ?»

የብረት ቁም ሳጥን ተከፈተ፤ ሳይዘጋ ቆየ።

«ምን ማለትሽ ነው? አያለሁ እንጂ!»

«እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አያለሁ አልኩሽ። ይኸው አንቺን አያለሁ። ግድግዳውን አያለሁ። በሩን ተደግፈሽ ቆመሻል፤ እጅሽ ወደ ኋላ ነው።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ልጄ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ከዚህ ብወጣ ማን ቤት ነው የምገባው? ልጆቼ አላሳደጉኝም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው፤ ብድሩን እንዲመልሱልኝ ቆሜ ፊታቸውን ልይ? የሰው ፊት እሳት ነው።»

«እኔስ? የእኔ ቀን ረቡዕ ነው።»

«እናገርልሻለሁ። ጎበዝ ናት እላለሁ። እጇ ወርቅ ነው እላለሁ።»

«እድፉ የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ ትናገሪያለሽ?»

እታለም ቁም ሳጥኑን ዘጋችው። «በጨዋ ደንብ እንናገራለን» አለች። ይህ መልስ አልነበረም፤ ዳኛዋ ግን እንደ መልስ ይዛው ወጣች። የተጨነቀ ሰው የተሰጠውን ነው የሚይዘው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ውስጥ አራት ሰው ነበር፤ ወንበር ግን ሦስት። ደወል ዳኛዋን በክንዷ ይዞ አስቀመጣትና ራሱ ቆመ፤ ቆሞ ሲናገር ደስ ይለዋል። አሥራ አንዱ አንሶላ ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ባለፈው ዓርብ የተፈተሸ፤ አራት ቁጥር ጠረጴዛ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። ድምፃቸው አይጮኽም፤ አይጨምርም አይቀንስም። «መጋዘን ውስጥ ከአራት ቁጥር የወጣ ሌላ ሠላሳ ስድስት ጥቅል አለ፤ ዓርብ ለዚያው ሆቴል መሄድ ያለበት። ዛሬ የምፈልገው እንዴት እንዳለፈ ማወቅ ነው። ለቅሶ አልፈልግም።»

«እኛ እኮ እናዝናለን» አለ ደወል። «እንደ ሰው እናዝናለን። በጣም እናዝናለን። ጨርቅ ግን አያዝንም።»

«እንከኑ የክር ነው?» አለች ዳኛዋ።

«ዘይት ነው አልኩሽ እኮ!»

«የደረቀ ዘይት በእጅ ይገኛል?»

«አይገኝም» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

«ታዲያ እኔን ምን ያደርጉኛል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እኮ ይሄ።»

ሥራ አስኪያጇ ከአፍንጫቸው ትንፋሽ አወጡ፤ ሳቅ ሊሆን ይችላል። ደወል ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችን ሴት ከመንካት የሦስት ወሯን መንካት ይቀላል።

«እታለምን ሁላችንም እናውቃታለን» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኗን ያመለጠው የለም። ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? አንቺ መጣሽ! ሌላ የተለወጠ ነገር የለም፣ አንቺ ነሽ የመጣሽው። ጨርቁን ትጎትቺባታለሽ፤ አይታ ሳትጨርስ ትጎትቺባታለሽ። ለማየት ጊዜ እንደሚያስፈልግ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ሌላኛው ወንበር ዞሩ። «እታለም፣ እውነት ነው? ትፈጥንብሻለች?»

የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ዳኛዋ አብራ ቆጠረች። ሰባት ቆጠረች።

«አንዳንዴ» አለች እታለም። «አንዳንዴ… ትፈጥናለች።»

ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ዳኛዋ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ከዚያ ጆሮዋ፣ ከዚያ አንገቷ፣ ቁልፉ እስካለበት ድረስ። ሦስት ሳምንት በሆዷ የያዘችው ነገር ወደ አፏ መጣ።

«እታለም» አለች፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

እታለም በወንበሯ ላይ ተንቀሳቀሰች። ዳኛዋ «እርስዎ» ብላት አታውቅም። አክብሮት ከአንዳንድ ሰው አፍ ሲወጣ እንደ ጥፊ ነው።

«ሥራ አስኪያጇ ዛሬ የለበሱት ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ደወል «ምን?» አለ፤ ሦስት ጊዜ። ዳኛዋ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። አሁን ትወድቃለች አለች በልቧ። አሁን ትንተባተባለች።

«ሰማያዊ» አለች እታለም። «ሹራባቸው ሰማያዊ ነው። አንገታቸው ላይ ያደረጉት ሻርፕ ቢጫ ነው። ምነው ልጄ?»

ደወል ሳቀ። «ልክ ናት! እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ልክ ናት እኮ!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከዚህ በፊት ጥድፊያ ነበር የተጠረጠረው፤ አሁን ተንኮል ተጨመረበት። ያስጠጋችህን ሴት በሰው ፊት ለማዋረድ መሞከር በየትኛውም ፋብሪካ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ግን ማንም ይቅር አይለውም። ዳኛዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። እንዴት አየችው? ወይ ያያል ዓይን፣ ወይ አያይም። በርጩማውስ? ጣቶቿስ? በዕድሜዋ ሙሉ ሰዎች ስለ እሷ የማያውቁትን ሲያወሩባት ኖራለች፤ ዛሬ እሷ ራሷ የማታውቀው ነገር ውስጥ ዘላ ገብታለች። ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

«እንግዲህ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። ወረቀት ገለበጡ። «እኅቴ፣ ረቡዕን መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። መታወቂያሽን ለአለቃሽ ስጪው።»

ዳኛዋ ክሩን ከአንገቷ አወጣች። መታወቂያውና የቤቷ ቁልፍ አንድ ክር ላይ ናቸው፤ አላላቅቅ አላት። ደወል እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ቋጠሮ ማሰርና መፍታት ሥራዋ የሆነ ሴት የገዛ ቋጠሮዋ አቃታት።

«እታለም» አሉ ሥራ አስኪያጇ፣ «ከነገ ጀምሮ አራት ቁጥር ያንቺ ነው። እንደ ድሮው ብቻሽን። ሠላሳ ስድስቱንም ጥቅል ደግመሽ ታይልኛለሽ፤ ክሩንም እድፉንም። እስከ ዓርብ።»

«ብቻዬን?» አለች እታለም።

«እንደ ድሮው።»

«ክሩንም?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሽው እኮ ነው።»

እታለም ያሸነፈችውን ነገር ቁጭ ብላ ታስበው ነበር። ያሸነፈችው ጠረጴዛ፣ ከፊቷ ነጭ ጨርቅ፣ ከማዶ ማንም የለም። ሠላሳ ስድስት ጥቅል። በየጥቅሉ አሥራ ሁለት አንሶላ። በየአንሶላው ስንት ሺህ ክር።

«አልችልም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልችልም። ብቻዬን አልችልም።» ወንበሯ ሲጢጥ አለ። «ልጅቱ አትፈጥንም። ዋሽቼ ነው። እኔ ነኝ የማላየው።»

«አሁን ቀለም ተናግረሽ የለ?» አለ ደወል።

«ቀለም አያለሁ! ዳር ዳሩን አያለሁ። መሃሉ ነው የሌለው።» ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «እርስዎን ሳይ ሹራቡ አለ፣ ሻርፑ አለ፣ ፊትዎ ግን የለም። የት እንደገባ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ያየሁት ነገር ሁሉ ይሸሸኛል፤ ገለል ስል በጎን ይመጣል። ትልቁን ነገር አያለሁ፣ ሳንቲም የምታክለውን አላይም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

ዳኛዋ እጇ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ለእሷ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፦ በሩ የተከፈተለትና በሩ የተዘጋበት። በር ገርበብ ብሎ ሊቀር እንደሚችል የነገራት የለም። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ «አያለሁ» ስትላት አልዋሸችም ነበር። እዚህ ነው የዋሸችው።

«ልጅቱን ደግሞ የወሰድኳት ለጽድቅ አይደለም» አለች እታለም፤ አንዴ ከጀመረች አላቆም አላት። «ሁሉም ለጽድቅ ይመስለዋል። እኔ የፈለግሁት እጇን ነው። ክሩን እሷ ከያዘችልኝ እድፉን በጎን እያየሁ ሁለት ዓመቴን እገፋለሁ ብዬ ነው። ሁለት ወር ተሳክቶልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እየባሰብኝ ሄደ፤ እኔም በእጄ መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ግን ይሄኔ ነቅታለች።»

«ሁለት ዕውር በአንድ ጠረጴዛ!» አለ ደወል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ዳኛዋ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ያወቅሁት ግን ልክ አልነበረም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ሰው ዓይን እኔ ብመሰክር ማን ያምነኛል? አሁን እንኳ ስሞክር አዩኝ እኮ።»

ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መቱ። «ጥሩ። መታወቂያሽ ይቆይ። ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ሌላ ፈታሽ እመድብልሻለሁ። እታለም ደግሞ…» ትንሽ አሰቡ። «ሃያ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። በክብር እንሸኛታለን። ቤቷ ትረፍ።»

ነገሩ አለቀ። ዳኛዋ የፈለገችው ይኸው መጣ፤ እጇ ላይ ተቀመጠ። ዝም ብትል በቂ ነበር። ዝም ማለትም ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ገና አልበረደም። ነገር ግን ያቺ «ቤቷ ትረፍ» የምትል ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እንዲህ ያለ ዕረፍት ምን እንደሚመስል እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሰዎች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«የትኛዋን ፈታሽ ነው የሚሰጡኝ?» አለች።

«ከሌሎቹ ሰባት ፈታሾች አንዷን።»

«ሰባቱም ሲጠየቁ እንቢ ብለው ነበር። በትእዛዝ የመጣች ሴት እድፍ አታይልኝም፤ ሰዓት ነው የምታየው።»

«ታዲያ?»

«እድፍ ማየት ፈጣን ሥራ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ክሩ ነው። እድፉን አንዲት ፈታሽ ለሁለት ጠረጴዛ ትችለዋለች። እታለም ወደ እኔ ወገን ትዙር። ሁለታችንም ክሩን እንያዝ።»

«እሷ መዳሰስ አታውቅም።»

«እንከን ምን እንደሆነ ታውቃለች። የቀራት በጣት እንዴት እንደሚገኝ ነው። ይማራል።»

«በሃምሳ ሰባት ዓመቴ?» አለች እታለም በቀስታ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ፊት ተጠጉ፤ ወንበራቸው ሲጮኽ ተሰማ። «አሁን በፊቴ ዋሽታብሻለች። ይቅር ብለሻታል?»

«አይ።»

«ታዲያ ለምን ትፈልጊያታለሽ?»

«የዋሸችው በአፏ ነው» አለች ዳኛዋ። «እኔ የምፈልገው እጇን ነው። እሷም እንዲሁ ነበር የፈለገችኝ።»

ሥራ አስኪያጇ እንደ ወትሮው ሳይጮኹ ፈረዱ። የዳኛዋ የቋሚነት ወረቀት አሁኑኑ ይምጣ። እታለም ከነገ ጀምሮ በዳሰሳ ሥራ ላይ የሦስት ወር ሙከራ ትገባለች፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እንደ አዲስ። በየሳምንቱ ይገመገማል። ገማጋሚዋ ዳኛዋ ናት፤ የምትለውን ደወል ይጽፋል። ሠላሳ ስድስቱ ጥቅል ደግሞ ቀኑ አልተለወጠም፤ ዓርብ ነው።

ወረቀቱ መጣ። ደወል የምትፈርምበትን ቦታ በጣቷ ሊያስነካት እጇን ሲይዝ እጇን ነጠቀችው።

«አንብብልኝ።»

አነበበላት።

«ድገመው።»

ደገመው።

«አንድ ጊዜ ጨምርልኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ሳሉ። ደወል ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው፤ በሕይወቱ መደጋገም ያልጣመው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዳኛዋ ፈረመች።

በማግስቱ ጠዋት አራት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ጥቅል ተፈታ። እድፉን እንድታይ የተመደበችው ያቺ ወገቧን የታመመችው ፈታሽ ናት፤ በሦስትና በአራት ቁጥር መካከል እየተመላለሰች ወገቧን መያዝ ረስታዋለች። እታለም ከዳኛዋ ጎን ቆመች። ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ አልተነካካም።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች ዳኛዋ።

«ለምን? ትንሽ ትንሽ እኮ…»

«ትንሿ ናት የምታሳስተው። ይጨፍኑ።»

«ልጄ፣ አንቺ በይኝ እንጂ። ይህ እርስዎ የምትይው ነገር ወገቤን ይቆርጠኛል።»

«ሥራ ላይ ነን።»

እታለም ጨፈነች። መዳፎቿን ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች፤ የፈታሽ መዳፍ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ሲያጥፍ የኖረ፣ ግን ምንም ሳይጠይቀው ያጠፈ። ከጠርዙ ጀመረች። በጣም ተጫነች።

«ቀስ። አይሸሽዎትም።»

ቀነሰች። እጇ ወደ መሃል ሄደ። ዳኛዋ የራሷን እጅ አስከትላ በዚያው መንገድ አለፈች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ከበስተኋላቸው ደወል ወረቀት ዘርግቶ እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል፤ ጫማው ወለሉን ይፍቃል። የተቀሩት ጠረጴዛዎች ሥራ የያዙ ይመስላሉ፤ ወሬ ግን የለም፤ ሁሉም ጆሮ ሆኗል።

የእታለም መዳፍ ከማዶ ጠርዝ ደረሰ።

«ይሄኛው ንጹሕ ነው» አለች፤ ላብ ላብ እያላት።

«አለፈዎት።»

«የቱ ጋ?»

ዳኛዋ እጇ ቦታው ላይ ነበር። ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ የዘለለች አንዲት ማግ፣ ከጥፍር የማትረዝም። የእታለምን ጣት ይዛ ብታስቀምጥላት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። እጇን አነሳች።

«ይፈልጓት።»

ደወል እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። ዳኛዋ «ገና ነው» አለችው፤ ዘወርም አላለችም። እታለም ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ መዳፏን እንደገና ከጠርዙ አስነሳችው።